«የጾም አላችሁ?»

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለች አንዲት የሜሪላንድ ከተማ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ቤት በእንግድነት ሰንብቼ ነበር። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። ጓደኛዬ አዲስ አበባ ሳለ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ እዚያ ታክሲ ይነዳል። ባለቤቱ የሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ናት። እናም ቤቱ ውስጥ ከሽሮ ሌላ ነገር ለመሥራት ጊዜ ያለው ሰው የለም። አንድ ማታ ከሥራ ገብቶ ድስቱን ከፈት አድርጎ አየና መልሶ ከደነው።

«ሽሮ ሰልችቶሃል አይደል? ተነሥ፣ የጾም ዳክዬ አበላሃለሁ» አለኝ።

«ዳክዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የጾም የሆነው?»

«አንተ ተነሥ ብቻ።»

ይዞኝ የሄደው ከልብስ ማጠቢያ ቤትና ከጸጉር ቤት መሐል ወደተሸጎጠች ትንሽ ቻይና ቤት ነው። ሰባት ወይም ስምንት ጠረጴዛ ቢኖራት ነው። ከባንኮኒው በላይ የምግቦቹ ፎቶግራፍ መብራት በርቶበት ተደርድሯል። ግድግዳው ላይ ቀይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ አንዲት ስልሳዎቹን ያለፉ ሴት ተቀምጠው ፎሶሊያ ይቀነጥሳሉ።

በሩ ላይ ስደርስ እግሬን ጎተትኩ። እውነቱን ልናገር። አዲስ አበባ የቀለበት መንገድ በሚሠራበት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር፣ ስለ ቻይናዎቹ ሠራተኞች የማይወራ ነገር አልነበረም። ሰፈር ውስጥ አንድ ውሻ ከጠፋ «በቃ በሉት» ይባላል። ሰው ይስቃል። እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። የዚያን ጊዜው ሳቅ ሜሪላንድ ድረስ ተከትሎኝ መጣና ወደ ጓደኛዬ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ «ስማ፣ እነዚህ ሰዎች ውሻ ምናምን...» ማለት ስጀምር በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«ዝም በል! እማማ ይሰማሉ።»

«አማርኛ ይችላሉ እንዴ?»

«'ውሻ' የምትለዋንማ እንዴት ያጧታል? ሐበሻ ሁሉ እዚህ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው እሷን አይደል!»

የሚገባበት ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነበርኩ። ሴትዮዋ ግን ፎሶሊያቸውን ትተው ብድግ አሉ፤ ጓደኛዬን አይተው ፈገግ አሉ፤ ከዚያም በጠራ አማርኛ አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፦

«ጾም?»

«አዎ፣ ጾም» አላቸው።

በቃ። ትእዛዝ መቀበያ ወረቀታቸው ላይ አንድ ምልክት አደረጉ። ጓደኛዬ እንዳስረዳኝ ያቺ ምልክት ለወጥ ቤቱ የምትናገረው ብዙ ነው። ሩዙ ውስጥ እንቁላል አይገባም። አትክልቱ በዶሮ መረቅ አይበስልም። ከባሕር ዛጎል ሥጋ የሚሠራው ጥቁር ሶስ ጠብ አይልበትም። ወተትና ቅቤ እንደሆነ ድሮም በቻይና ወጥ ቤት ብዙ ቦታ የላቸውም። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ የተማሩት ደንበኞቻቸውን በማየት ነው። በየዓመቱ መጋቢት አካባቢ የሐበሻው ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ሲለወጥ ያዩና ግራ ይገባቸዋል። ኋላ ጠየቁ። «ሃምሳ አምስት ቀን» ሲባሉ አልደነቃቸውም። የእሳቸውም እናት በወር ውስጥ የተለዩ ቀናት ይጾሙ ነበርና።

ምግቡ መጣ። በቃሪያ የተጠበሰ ቶፉ፣ እንጉዳይ በብሮኮሊ፣ ፎሶሊያው፣ ነጭ ሩዝ። መሐል ላይ ዳክዬው። ቆዳው የተጠበሰ፣ ሥጋው በጭረት በጭረት የሚለያይ፣ ሲያዩት ሙሉ በሙሉ ዳክዬ። እጄን ሰበሰብኩ። ሴትዮዋ ሳቁና «ስንዴ!» አሉኝ።

ስንዴ ነው። የስንዴ ሊጥ በውኃ ደጋግሞ ሲታጠብ ነጩ ወጥቶለት እንደ ጎማ የሚሳሳብ ነገር ይቀራል። እሱ ተጠቅልሎ፣ ተቀቅሎ፣ በአኩሪ አተር ሶስ ተቀምሞ ይጠበሳል። ቅመሙና ጥብሱ ሲያልቅ ዳክዬ ነኝ ይላል።

ከዚያ ማታ በኋላ ያ የስንዴ ዳክዬ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት ነገር ስለ ምግብ ነው ብዬ ነበር፤ ለካስ ስለ ሰው ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የጾሙን ነገር እናስቀድም። ሰፈር ውስጥ ያለ ቻይና ቤት ሜኑ መጨረሻ ገጽ ላይ «አትክልት» ተብላ የተጻፈችው ክፍል ለዘመኑ ሰው ጤና ሲባል የተጨመረች ትመስላለች። ነገር ግን ከጠቅላላው ሜኑ የጥንቷ እሷ ናት። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቻይናን በከፊል ይገዛ የነበረው የሊያንግ ንጉሥ ዉ የቡድሃን እምነት ጠበቅ አድርጎ የያዘ ሰው ነበር። እሱ ራሱ ሥጋ ተወ። የቡድሃ መነኮሳትም ሥጋና መጠጥ እንዳይቀምሱ አደረገ። ለአያቶቹ መንፈስ ይታረድ የነበረውን ከብት አስቀርቶ በምትኩ ከሊጥ የተሠራ የእንስሳ ምስል እንዲቀርብ አዘዘ። የእኔ የስንዴ ዳክዬ የዘር ሐረጉ ወደዚያ ዘመን ይወጣል ማለት ነው።

ቶፉም እንዲሁ ነው። አኩሪ አተር ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ ወተቱ ተጠልሎ ይፈላና በማርጊያ ይረጋል፤ አሠራሩን ላየው ከአይብ የሚለየው ላም ስለሌለችበት ብቻ ነው። አፈ ታሪኩ የፈጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረ ሊዩ አን የሚባል መስፍን ነው ይላል። በጽሑፍ ተጠቅሶ የሚገኘው ግን በ10ኛው መቶ ዓመት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት በሃንግጆው ከተማ የጾም ምግብ ብቻ የሚሸጡ ቤቶች እንደነበሩ የከተማዋ የዚያን ዘመን መግለጫ ይመሰክራል። በዚያ ውስጥ ሥጋ መሳይ፣ ዓሣ መሳይ የሆኑ ምግቦች በየስማቸው ተዘርዝረዋል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የሽምብራ ዓሣ ነው። እናቶቻችን የሽምብራ ዱቄት ለውሰው፣ በዓሣ ቅርጽ ቆራርጠው፣ ጠብሰው፣ በቁሌት ላይ ሲያስተኙት እኛ ልጆቹ «ጭራውን ለእኔ!» እየተባባልን እንጣላ ነበር። ዓሣ እንዳልሆነ እናውቃለን። ግን የጾም ሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ሆዱን ቢከለክለውም ዓይኑን ያባብለዋል። ቻይናዊው መነኩሴና የጎንደሯ ባልቴት ሳይተዋወቁ አንድ ዘዴ ላይ ደርሰዋል። እንዲያውም በአንድ ነገር የእነሱ ይጠናል፤ የቡድሃ መነኮሳት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትንም ስሜት ይቀሰቅሳሉ ብለው ከገበታቸው ያርቃሉ። ያለ ሽንኩርት የጾም ወጥ ሥሩ ብንባል ስንቶቻችን እንጾም ነበር?

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥበብ ያላቸው ሰዎች ናቸው ወደ አሜሪካ የተሻገሩት። በ1848 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርቅ ተገኘ። በማግስቱ ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቻይና ምግብ ቤት ተከፍቶ ነበር። የሚበሉበትም የወርቅ ቆፋሪው ሁሉ ነው፤ ርካሽና ንጹሕ ነበርና። ከዚያ የባቡር ሐዲድ መጣ። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው፣ በግንቦት 1869 የተጠናቀቀው ሐዲድ ምዕራባዊ ክፍል የተሠራው በአብዛኛው በቻይናውያን ጉልበት ነው። በዓለት ውስጥ ዋሻ የፈለፈሉት፣ በበረዶ ናዳ የሞቱት እነሱ ናቸው። የራሳቸውን ወጥ ቤት ይዘው ይጓዙ ነበር፤ ሩዝ፣ የደረቀ ዓሣ፣ የደረቀ እንጉዳይ፣ አትክልት። ሻይ ስለሚጠጡ ውኃቸው ሁልጊዜ የፈላ ነው። የወንዝ ውኃ እንዳገኘ የሚጠጣው ሌላው ሠራተኛ በተቅማጥ ሲወድቅ እነሱ ይቆሙ ነበር።

ሐዲዱ አለቀ። ሥራ ጠበበ። ያን ጊዜ የዚያ ሰው ጥንካሬ ወንጀል ሆነበት። በ1879 ጄምስ ብሌን የሚባል ታዋቂ ሴናተር፣ ሥጋና ዳቦ የግድ የሚያስፈልገው ሠራተኛ በሩዝ ከሚያድር ሰው ጋር ሊወዳደር አይችልም ሲል ተከራከረ። በ1902 ደግሞ የአሜሪካ የሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ቻይናውያን እንዳይገቡ የሚቀሰቅስ አንድ ጽሑፍ አሰራጨ። በርዕሱ ላይ ሥጋና ሩዝን አፋጥጦ የትኛው በሕይወት ይቀራል ብሎ ይጠይቃል። ልብ በሉ፤ ክርክሩ ስለ ደመወዝ ነው። ስሙ ግን ስለ ሳህን ሆነ። ሰውየው የሚበላው ነገር ሰው አለመሆኑን ማስረጃ ተደርጎ ቀረበ። አይጥ ይበላሉ፣ ድመት ይበላሉ የሚለው ወሬም በየጋዜጣው ካርቱን ይሳልበት የነበረው በዚያው ዘመን ነው። ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1885 በዋዮሚንግ ሮክ ስፕሪንግስ በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ 28 ቻይናውያን ተገደሉ፤ ቤቶቻቸው ተቃጠሉ።

ሕጉ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። በ1882 የቻይና የጉልበት ሠራተኛ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ታገደ፤ ቀድመው የገቡትም ዜግነት ማግኘት አይችሉም ተባለ። ሕጉ በ1892 ታደሰ፤ ከ1904 በኋላ ደግሞ የጊዜ ገደብ እንኳ አልነበረውም። በአገር ውስጥ ያሉትም ከማዕድኑም ከፋብሪካውም እየተገፉ ወጡ። የቀራቸው ሁለት ሥራ ነበር፤ ልብስ ማጠብና ምግብ ማብሰል። ለምን እነዚህ? ነጩ ሠራተኛ የሴት ሥራ ናቸው ብሎ ስለናቃቸው ነው። ያቺ ቻይና ቤት ከልብስ ማጠቢያ ጎን ስትቀመጥ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ያን ካነበብኩ በኋላ አጋጣሚ መስሎ አልታይ ብሎኛል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ሕጉ የጉልበት ሠራተኛን ሲከለክል ነጋዴን አይከለክልም ነበር። ነጋዴ የሆነ ሰው ወደ አገሩ ሄዶ መመለስ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ማምጣት ይችላል። ምግብ ቤት ያለው ሰውስ ነጋዴ ነው ወይስ ወጥ ሠሪ? በ1915 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነጋዴ ነው ሲል ወሰነ። ያቺ ውሳኔ ብዙ ነገር ለወጠች። የታሪክ ተመራማሪዋ ሄዘር ሊ እንዳሳየችው፣ ከ1910 እስከ 1920 ባለው ጊዜ በኒው ዮርክ ከተማ የቻይና ምግብ ቤቶች ቁጥር አራት እጥፍ ሆነ። አሜሪካኖች ድንገት ሩዝ ስለጣፈጣቸው ብቻ አልነበረም። ምግብ ቤቱ ቪዛ ስለሆነ ነው።

ቪዛው ግን ቀላል አልነበረም። ባለቤቱ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሙሉ ሥራ አስኪያጅ መሆን አለበት። በዚያ ዓመት ሳህን ማንሳት፣ ድስት ማማሰል፣ ገንዘብ መቀበያ ላይ መቆም አይፈቀድለትም፤ ከተገኘ «ሠራተኛ» ነው ይባላል። ይህንንም ሁለት ነጭ ምስክሮች ማረጋገጥ አለባቸው። አንድ ስደተኛ ብቻውን ደኅና ምግብ ቤት የሚከፍትበት ገንዘብ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ዘመድ ከዘመድ፣ ያገር ልጅ ካገር ልጅ ገንዘብ አዋጡ። ከዚያም ሥራ አስኪያጅነቱን በየዓመቱ፣ በየዓመት ተኩሉ ተራ በተራ ያዙ። የአንዱ ተራ ሲደርስ ቤተሰቡን ያመጣል፤ ቀጥሎ የሌላው።

እኛ ይህን ነገር በምን ስም እንደምናውቀው መናገር አያስፈልገኝም። ዕቁብ ነው! የሚወጣው ዕጣ ግን ገንዘብ አይደለም፤ ሚስትና ልጅ ነው።

እገዳው የተሻረው በ1943 ነው፤ ያውም ቻይና በጦርነቱ የአሜሪካ አጋር ስለሆነች። ከዚያ በኋላም ቢሆን ለቻይናውያን የተፈቀደው ኮታ በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር። ሳይቸግራቸው ይሆን የተስማሙት ብለን እንዳንታዘባቸው የራሳችንንም እንይ፤ በ1924ቱ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ሁለቱንም በር የከፈተው ያው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ቻይናዊቷ እማማና የፊዚክሱ መምህር ወደ ሜሪላንድ የገቡበት በር አንድ ነው ማለት እችላለሁ።

የሜኑው የመጀመሪያ ገጽ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። እሱን የጻፈው እንጀራ ነው። (ቻይናዎችም እኛ «እንጀራዬ» የምንለውን «የሩዝ ሳህኔ» ይላሉ፤ የማይሰበር የመንግሥት ሥራ ደግሞ «የብረት ሳህን» ይባል ነበር።) አሜሪካዊው ጣፋጭ ይወዳል፣ አጥንት ይጠላል፤ ስለዚህ ሥጋው ያለ አጥንት ተጠብሶ ስኳር ፈሰሰበት። ጄኔራል ጾ የሚባለውን ዶሮ የፈጠሩት ፔንግ ቻንግ ኵዌ የሚባሉ ወጥ ቤት ናቸው፤ ያውም ከቻይና ተሰደው ታይዋን ሳሉ፣ በ1950ዎቹ። ስኳሩ የገባበት አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ነው። በመጨረሻ የሚሰጠው፣ ሆዱ ውስጥ ወረቀት ያለበት ብስኩት ጭራሽ ቻይና አያውቀውም። መነሻው ጃፓን ነው። በካሊፎርኒያ ይጋግሩት የነበሩት ጃፓናውያን በ1942 ወደ ማጎሪያ ካምፕ ሲጋዙ ሥራው በቻይናውያን እጅ ገባ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ጋዜጠኛዋ ጄኒፈር ኤይት ሊ በ2008 ባሳተመችው መጽሐፍ እንደቆጠረችው፣ በአሜሪካ ወደ 40,000 የሚጠጉ የቻይና ምግብ ቤቶች ነበሩ፤ የማክዶናልድ፣ የበርገር ኪንግና የኬኤፍሲ ቤቶች ተደምረው አይደርሱባቸውም።

የተናቀው ሩዝ አሸነፈ ብለን እናጨብጭብ? እኔ ግን ሴትዮዋ የነገሩኝ ነገር ያዘኝ። ባለቤታቸው በአገራቸው ሳሉ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ውኃ እንኳ አፍልተው አያውቁም። ሃያ ስድስት ዓመት ከዚያ እሳት ፊት ቆመው ሠሩ። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ሩዙን እያየ ዝም አለ። ያገራችን ሰው «ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ሲል ቻይናዎቹንም ጨምሮ መሆኑን አላወቅንም እንጂ። ዋሽንግተን ውስጥ ስንት ወንድ፣ እናቱ ማጀት ስትገባ «ውጣ፣ የወንድ ቦታ አይደለም» ያለችው፣ ዛሬ ቁሌት እያቁላላ ልጆች ያስተምራል!

«ልጆችስ?» አልኳቸው።

ጥግ ላይ ያለችውን ጠረጴዛ አሳዩኝ። ልጃቸው የቤት ሥራዋን የሠራችው እዚያ ላይ ነው። አሁን ፋርማሲስት ናት። «ይህን ቤት አትረከብም። እኛም እንድትረከብ አንፈልግም» አሉ። ሲናገሩ ደስታም ኀዘንም ነበረበት። እሳቸው ሲደክማቸው ቤቱ ይዘጋል፤ «ጾም?» ብሎ የሚጠይቅም አይኖርም።

እንግዲህ ወደ በሩ ልመለስ፤ ወደዚያች ያልጨረስኳት ጥያቄዬ። ስለ ሌላው ገበታ የምንቀልደው ቀልድ ዙሮ ወደ እኛ አይመጣም ብለን ነው። ግን መጥቷል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ሐበሾች ከነሕይወቷ ካለች ላም ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ብሎ ለአውሮፓ ነገረ፤ ስማችን በዚያ ስንት ዘመን ተጠራ። በ1984ቱ ረኀብ ማግስት በአሜሪካ፣ «የኢትዮጵያ ምግብ ቤት? ባዶ ሳህን ነው የምታቀርቡት?» የሚል ቀልድ ያልሰማ ሐበሻ የለም። ጓደኛዬ በታክሲው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማው ነግሮኛል። በመስከረም 2024 ደግሞ በኦሃዮ ስፕሪንግፊልድ የሄይቲ ስደተኞች የጎረቤት ውሻና ድመት ይበላሉ የሚል ወሬ ተነዛ። የከተማዋ ባለሥልጣናት ማስረጃ የለውም ቢሉም በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ክርክር ላይ ሳይቀር ተነገረ። መቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ወሬው አንድ ነው፤ የሚለወጠው የሚወራበት ሕዝብ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሳህኑ ይሰደባል፤ ቀጥሎ በሩ ይዘጋል።

የእኛ ቀልድ ማንንም አልገደለም ብዬ ራሴን ማጽናናት እችላለሁ። ግን መንገዳችንን ሲሠራ ውሎ ማታ ከአገሩ ያመጣውን ሩዝ የሚያበስል ሰው አጠገባችን ሲኖር፣ ከመካከላችን «ምን እየበላህ ነው? እስቲ አቅምሰኝ» ያለው ስንቱ ነው? እኔ አላልኩም። ለእንግዳ ጉርሻ የምንሰጥ ሕዝቦች ነን እያልን፣ ከእንግዳ ጉርሻ መቀበል ግን አልለመድንም።

ስንወጣ ሴትዮዋ ሒሳቡን ከሁለት ብስኩት ጋር አመጡ። ቀጥለው ምልክት ያደረጉባትን ወረቀት አዩና ግንባራቸውን መታ አደረጉ፤ ብስኩቱ እንቁላል አለበት። መልሰው ወሰዱትና የተቆራረጠ ብርቱካን በሳህን ይዘው መጡ።

«ለፋሲካ ትወስዱታላችሁ» አሉን ብስኩቱን ወደ ባንኮኒው እያመለከቱ።

እኔ ግን በትኬቴ መሠረት ፋሲካን የምውለው አዲስ አበባ ነበር። ጓደኛዬ የሁለታችንንም ተቀብሎ በልቶልኛል።